የዓሣ የጎን መሥመርና የነርቮቹ ታሪክ፤ ከአንገረብ ወንዝ እስከ ሰው ጆሮ



ከጎንደር ወደ ምዕራብ ወርዶ፤ አርማጭሆን አቋርጦ ወደ አብደራፊ ቆላ የደረሰ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ወራት የአንገረብን ወንዝ ቢመለከት፤ ውሃ ሳይሆን የሚፈስ መሬት ያየ ይመስለዋል። የደጋው አፈር ታጥቦ፤ የቆላው ጥቁር ጭቃ ተጨምሮበት፤ ወንዙ እንደ ተበጠበጠ ሊጥ ይሆናል። እጁን እስከ ክርኑ ያጠለቀ ሰው የገዛ ጣቶቹን አያይም። በዚያው ውሃ ውስጥ ግን ዓሣው ከድንጋይ ሳይላተም፤ ከባልንጀራውም ሳይጋጭ ይዋኛል፤ ምግቡን ፈልጎ ያገኛል፤ ከአዞ ይሸሻል። በየትኛው ዓይኑ አይቶ ነው? በዛሬው ንግግራችን ልናስረዳ የምንሻው የዚህን ጥያቄ መልስና መልሱ የተገኘበትን ረጅም ታሪክ ነው። መልሱ በዓሣው ዓይን ውስጥ አይደለም፤ ከራሱ አንሥታ በጎኑ ላይ እስከ ጅራቱ በተዘረጋች በአንዲት ቀጭን መሥመርና በመሥመሯ ሥር በሚያልፈው ነርቭ ዘንድ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ወንዞቹ ጥቂት እንበል። ጓንግ ከጣና በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ከጭልጋ አካባቢ ከፍታ ይነሣና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ በዚያም አትባራ ይባላል። አንገረብም ከጎንደር በስተ ሰሜን ካለው ደጋ ወርዶ በሱዳን ምድር ባሕረ ሰላም የሚል ስም ይሰጠዋል። ተከዜ ደግሞ ሰቲት ተብሎ ይመጣና ሁሉም በአትባራ ውስጥ ይገናኛሉ፤ አትባራም ዓባይ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር እስኪገባ ድረስ የሚቀበለው የመጨረሻው ገባር ነው።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 ዓ.ም. በሰኔ ወር የአትባራን ዳር ይዞ ሲጓዝ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኖ አገኘው። ውሃ የነበረው በየመታጠፊያው በቀሩት ጥልቅ ኩሬዎች ውስጥ ብቻ ነበረ፤ በእነርሱም ውስጥ ዓሣው፤ ኤሊው፤ አዞውና ጉማሬው በአንድነት ተጨናንቀው ክረምትን ይጠባበቁ ነበር። ሰኔ 23 ቀን ሌሊት እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማና ሰዎቹ ወንዙ መጣ እያሉ እየጮኹ ተነሡ። በማግሥቱ ጠዋት ያ አሸዋ ስፋቱ ወደ 500 ያርድ የሚጠጋ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። ቤከር በሚቀጥለው ዓመት በመተማ በኩል እስኪያልፍ ድረስ እነዚህን ገባር ወንዞች እየዞረ ከተመለከተ በኋላ፤ የግብጽን እርሻ የሚያለማው ደለል ከኢትዮጵያ ደጋ በአትባራና በዓባይ ታጥቦ የሚወርደው አፈር መሆኑን ጻፈ። ሰውዬው አዳኝ ነበረና ስለ ዝሆን የጻፈው ስለ ዓሣ ከጻፈው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን የእነዚህ ወንዞች ዓሣ ሁለት ፈተና እንዳለበት ከእርሱ ጽሑፍ እንረዳለን፤ በበጋ ከጠላቱ ጋር በአንድ ኩሬ መታሰር፤ በክረምት ደግሞ በጭቃ ውስጥ መታወር።

አሁን ወደ መሥመሯ እንመለስ። ቅርፊት ያለው ዓሣ ገዝቶ በቤቱ ያጸዳ ሰው ሁሉ ይህችን መሥመር አይቷታል፤ ምን እንደ ሆነች ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። በመሥመሯ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቅርፊት በመካከሉ እንደ መርፌ ቀዳዳ የተበሳ ነው። ቀዳዳዎቹ ከቆዳ በታች ወዳለ ቀጭን ቦይ ያገባሉ፤ በቦዩም ውስጥ እየተራራቁ ጥቃቅን እንቡጦች ተተክለዋል። እያንዳንዱ እንቡጥ ጠጉር ያላቸው ሕዋሳት የተሰበሰቡበት ነው፤ ጠጉሮቹም እንደ ሙጫ ባለ ለስላሳ ቆብ ተሸፍነዋል። ውሃው በተንቀሳቀሰ ጊዜ ቆቡ ያዘነብላል፤ ጠጉሮቹ ይታጠፋሉ፤ ከሥራቸው ያለው ነርቭም ወሬውን ወደ አንጎል ያደርሳል። ቅርፊት የሌለው አምባዛ እንኳ ይህች መሥመር አለችው፤ በጎኑ ላይ እንደ ነጭ ክር ሆና ትታያለች። ዓሣው ሲዋኝ ውሃውን ይገፋል፤ ድንጋዩም የተገፋውን ውሃ ይመልሰዋል፤ ሌላው ዓሣ በጅራቱ የሚቀዝፈው ውሃ ወደ እርሱ ይደርሳል። እንግዲህ ዓሣ ሳይነካ ይዳስሳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዳሰሳ ሩቅ አይሄድም፤ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣውን ቁመት አንድ ወይም ሁለት እጥፍ ያህል ርቀት ነው። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ግን ይህ ርቀት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን ለማወቅ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ዴንማርካዊው ኒልስ ስቴንሰን በ1664 ዓ.ም. በዓሣ ቆዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎችና ቦዮች መርምሮ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ ኢጣሊያዊው ስቴፋኖ ሎሬንዚኒ በ1678 ዓ.ም. የምታደነዝዘውን ቶርፔዶ የተባለችውን የባሕር ዓሣ ቀዶ በራስዋ ላይ ያሉትን በፈሳሽ የተሞሉ ትንንሽ ቧንቧዎች ገለጸ። ቀዳዳዎቹን በተጫኗቸው ጊዜ ልጋግ ይወጣ ነበርና፤ የዓሣን ገላ የሚያሙለጨልጨው ልጋግ ከዚህ የሚመነጭ መሰላቸው። የትምህርት መጻሕፍትም ለብዙ ዘመን የልጋግ ቦዮች እያሉ ጠሯቸው። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ የመጣው ከስንፍና አይደለም፤ ሰዎቹ እጅግ ትጉሃን ነበሩ። የሞተ ዓሣ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲጨመቅ ልጋግ እንጂ ሌላ ነገር ሊናገር ስለማይችል ነው።

በመጨረሻ ነገሩን የገለጠው ጀርመናዊው ፍራንትስ ላይዲግ ነው። በ1850 ዓ.ም. በማጉያ መነጽር ቦዮቹን ሲመረምር ነርቮች እየገቡ በእንቡጦች ሥር ሲያልቁ ተመለከተ። ልጋግ ለማመንጨት ይህን ያህል ነርቭ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ቦዩ የስሜት ሕዋስ መኖሪያ ነው አለ፤ ቆየት ብሎም በ1868 ዓ.ም. ስድስተኛ የስሜት ሕዋስ ብሎ ሰየመው። ያገራችን ሰው ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላል፤ ላይዲግ ልጋጉን ጐርጉሮ ነርቭ አወጣ። ሌላው ጀርመናዊ ፍራንትስ አይልሃርድ ሹልትሰ ደግሞ የተሻለ መንገድ አገኘ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ ያላቸውን ሕፃናት ዓሦች በሕይወታቸው ሳሉ መረመረ። በቆዳቸው ላይ ያሉት እንቡጦች ጠጉራቸውን ወደ ውሃው ዘርግተው አያቸውና የውሃ እንቅስቃሴ የሚታወቅባቸው ናቸው ሲል ገመተ። ብሩኖ ሆፈር በ1908 ዓ.ም. ነርቮቹን ቆርጦ ፈተነ፤ ነርቩ ያልተቆረጠበት ዓሣ ዓይኑ ባያይም የውሃን ግፊት ያውቅ ነበር፤ ነርቩ ሲቆረጥ ግን አላወቀም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሆላንዱ ስቬን ዲክግራፍ ነገሩን አጠናክሮ ይህን ስሜት የሩቅ ዳሰሳ ብሎ ጠራው።

ሥራው ከታወቀ በኋላ የቀረው ክርክር የነርቮቹ ወገን ነበር። ወደ ጎን መሥመር የሚሄዱት ነርቮች ከአንጎል ሲወጡ ለፊት፤ ለጉሮሮና ለሆድ ዕቃ ከሚያገለግሉት የራስ ነርቮች ጋር ተጠላልፈው ይወጣሉ። የእነርሱ ቅርንጫፎች ናቸው ወይስ አብረው የሚጓዙ ባዕዳን? ይህን ለመፍታት የአንዱን ዓሣ ገላ ከሌላው ጋር ማስተያየት ያስፈልግ ነበር፤ በተለይም ራሱ ከተፈጥሮ ልማድ የወጣ ዓሣ የተገኘ እንደ ሆነ ምስክርነቱ ይከብዳል። እንዲህ ያለው ዓሣ ዝርግ ዓሣ ነው።

ዝርግ ዓሣ ከባሕር ወለል ላይ እንደ ቂጣ ተነጥፎ የሚኖር ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ወገን ናቸው፤ ሌላው ወገኑ ዕውርና ነጣ ያለ ሆኖ በአሸዋ ላይ ይተኛል። ሲፈለፈል ግን እንዲህ አይደለም። እንደ ማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ አንድ ዓይን በቀኝ፤ አንድ ዓይን በግራ አለው። ጥቂት ካደገ በኋላ አንዱ ዓይን ከቦታው ይነሣና የራሱን አናት ተሻግሮ ከሁለተኛው አጠገብ ይቀመጣል፤ የራስ ቅሉም አብሮ ይጠመዘዛል። ቅዱስ ጆርጅ ሚቫርት የተባለው እንግሊዛዊ በ1871 ዓ.ም. ይህን ዓሣ ጠቅሶ ግማሽ መንገድ የተሻገረ ዓይን ምን ጥቅም አለው ሲል ቻርልስ ዳርዊንን ተሟገተው፤ ዳርዊንም በ1872 ዓ.ም. በታተመው በመጽሐፉ ስድስተኛ እትም መልስ ሰጠ። ማት ፍሪድማን በ2008 ዓ.ም. ዓይናቸው ግማሽ መንገድ ብቻ የተሻገረ፤ 50 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ዓሦች እንዳሉ ስላሳየ ክርክሩ በዚህ ተዘጋ።

ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን ከዓይኑ ይልቅ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቦይ ነው። የጎን መሥመር በራስ ላይ ሲደርስ ተከፋፍሎ ከዓይን በላይና ከዓይን በታች ያልፋል። ዓይኑ ሲሻገር በዙሪያው ያለው አጥንትና ቦይ ይጐተታል። ነርቩስ? ስኮትላንዳዊው ራምሴ ትራኳየር በ1865 ዓ.ም. የተጠማዘዘውን ራስ ቅል አጥንት በአጥንት ፈትቶ አሳይቶ ነበር። ፍራንሲስ ኮል ደግሞ በ1898 ዓ.ም. የኮድን ዓሣ የራስ ነርቮች ከመረመረ በኋላ፤ በ1901 ዓ.ም. ከጄምስ ጆንስቶን ጋር ሆኖ ፕሌይስ ስለተባለው ዝርግ ዓሣ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ በፕሌይስ የግራ ዓይን ወደ ቀኝ ቢሻገርም የግራው ነርቭ የግራውን ቦይ አይተውም። ቦዩ በሄደበት ይከተለዋል፤ የቀኙን ነርቭ ርስት አይነካም። እንግዲህ አንድ ቦይ የት እንደ ተቀመጠ ሳይሆን ከየትኛው ነርቭ እንደሚያዝ በማየት ማንነቱ ይታወቃል። ይህ ደንብ ሻርክን ከአምባዛ፤ አምባዛን ከፕሌይስ ጋር ለማስተያየት መለኪያ ሆነ። በኋላም በእንቁላል ውስጥ ያለው ፅንስ በተመረመረ ጊዜ የጎን መሥመር ነርቮች ከጆሮ አጠገብ ከሚወፍር የቆዳ ክፍል እንቡጦቹን ይዘው አብረው እንደሚበቅሉ ታወቀ። ከፊትና ከሆድ ዕቃ ነርቮች ጋር በአንድ በር ቢወጡም ራሳቸውን የቻሉ ወገን ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የታችኛው ጎን ነው። ዝርግ ዓሣ ዕድሜውን ሁሉ በአሸዋ ላይ የሚያስተኛውን ጎኑን ብርሃን ነሥቶታል፤ የጎን መሥመሩን ግን አልነሣውም፤ በሁለቱም ወገን ተዘርግቶ ይገኛል። ሶል በተባለው ዓይነት የዕውሩ ጎን ፊት ለስላሳ በሆኑ ቅንጣቶች ተሞልቶ በሌሊት ምግቡን በእነርሱ ይፈልጋል። የውሻ ምላስ በመምሰል ረዘም ያለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በላይኛው ጎኑ ሁለት ወይም ሦስት መሥመር ይዞ ይገኛል።

ይህ የባሕር ዓሣ ከቆላ ወንዞቻችን እጅግ የራቀ ቢመስልም ሁለቱን በአንድ እጅ የጻፈ ሰው አለ። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ከቀይ ባሕር ያገኘውን ነብርማ ዝርግ ዓሣ በ1830 ዓ.ም. አሳተመ። ከዚያም በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በ1832 ዓ.ም. ጎንደር ደረሰና እስከ 1833 ዓ.ም. ተቀመጠ። የጣናን ዓሦች ሰብስቦ በ1830ዎቹ ሲያሳውቅ ላንዱ ትንሽ ዓሣ ከደምብያ የተወሰደ ስም ሰጠው፤ ስሙም እስከ ዛሬ በዓለም ሊቃውንት መዝገብ ይገኛል። ዓሣን ከዓሣ ለመለየት በጎን መሥመር ላይ ያሉትን ቅርፊቶች መቁጠር ዛሬም የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ የጣናን ዓሦች የሚያጠና ተማሪ ቁጥሩን ሲያሰላ የሚቆጥረው የነርቩን ቀዳዳዎች መሆኑን ሁልጊዜ አያስብም ይሆናል።

የቆላው ወንዞች ግን ጣና የሌለው ነገር አላቸው። በአትባራና በተከዜ ተፋሰስ ሞርሚረስ የሚባል፤ አፉ እንደ ዝሆን ኩምቢ ረዘም ያለ ዓሣ ይገኛል። የጥንት ግብጻውያን ይህን ዓሣ ያከብሩት ስለ ነበረ ግሪኮች ኦክሲሪንኩስ፤ ማለት ሹል አፍ፤ ብለው አንዱን የግብጽ ከተማ በስሙ ጠርተውታል። ከዓባይ ዓሦች መካከል ሰውን በኤሌክትሪክ የሚመታው አምባዛ መሰል ዓሣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2400 ዓመት ያህል በተሠራው በሳቃራ በቲ መቃብር ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ የፈረንሳዩ ጆፍሯ ሴንት ኢሌርም በ1801 ዓ.ም. እስክንድርያ ተከባ ሳለች ይህንኑ ዓሣ ይመረምር ነበር። ሞርሚረስ ግን ማንንም አይመታም። በጅራቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሥጋ ቢገኝም ኀይሉ እጅግ ደካማ ነበርና ለምን እንደሚሆነው የሚያውቅ አልነበረም። ሃንስ ሊስማን የተባለው የካምብሪጅ ሊቅ በ1951 ዓ.ም. ጂምናርከስ የተባለው ሌላው የዓባይ ዓሣ ያለማቋረጥ ደካማ ኤሌክትሪክ እንደሚረጭ ገለጸ፤ ይህ ዓሣ ወደ ኋላ ሲዋኝ እንኳ ከምንም አይጋጭም። በ1958 ዓ.ም. ከኬኔት ማሺን ጋር እንዳስረዱት ዓሣው በዙሪያው የኤሌክትሪክ መስክ ይዘረጋል፤ በመስኩ ውስጥ የገባ ነገር መስኩን ያዛባዋል፤ መዛባቱንም ዓሣው በቆዳው ያውቃል። ወሬውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ያው የጎን መሥመር ነርቭ ነው። በሞርሚረስ ይህን ወሬ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ከሌላው በልጦ አብጦ ቀሪውን አንጎል እንደ ጋቢ ሸፍኖት ይገኛል። የአትባራ ጎርፍ ዓይንን ከንቱ ባደረገበት ስፍራ እንዲህ ያለ ዓሣ መገኘቱ አያስገርምም።

አሁን ነገሩ ወደ ሰው ይመጣል። በእንቡጡ ውስጥ ያለው ባለጠጉር ሕዋስ በሰው ጆሮ ውስጥም አለ። በዓሣ ጎን የውሃ እንቅስቃሴ የሚያጥፈውን ጠጉር፤ በእኛ ጆሮ ድምፅና የራስ መዘንበል ያጥፉታል። ልዩነቱ የሰው ሕዋስ በአጥንት ውስጥ የተቀበረ፤ የዓሣው ግን በቆዳ ላይ በገሃድ የሚታይ መሆኑ ነው። በ1943 ዓ.ም. ስትሬፕቶማይሲን ተገኝቶ ብዙ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞችን ባዳነ ጊዜ፤ ከዳኑት መካከል አንዳንዶቹ ደንቁረው ወይም ሚዛናቸውን ስተው ቀሩ። ያን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በባለጠጉሩ ሕዋስ ቀዳዳ ገብተው ይገድሉታል። በ1964 ዓ.ም. ቬርሼልና ፍሎክ የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት ስትሬፕቶማይሲንን በዓሣ የጎን መሥመር ላይ ጨምረው እንቡጡ ወዲያው ሥራ ሲያቆም አሳዩ። በኋላም የዜብራ ዓሣ የሚባለው፤ ከጣት ያነሰና በሕፃንነቱ ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ የእስያ ዓሣ ለዚህ ምርምር ዋና መሣሪያ ሆነ።

ይህ ለአብደራፊ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በየዓመቱ ለሰሊጥ፤ ለማሽላና ለጥጥ ሥራ ከደጋ ወደ መተማ፤ ወደ አብደራፊና ወደ ሑመራ የሚወርደው ሠራተኛ በመሬቱ ስንጥቅና በግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች፤ ካላዛርንም ታስይዘዋለች። ይህ በሽታ ያተኩሳል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ ካልታከመም ይገድላል። በሽታው በ1970ዎቹ በእነዚህ ሠራተኞች ዘንድ ጎልቶ ታየ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በደጋው በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሆኖ ተገኘ። በአብደራፊ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ለብዙ ዓመታት ሲያክም ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ለምሥራቅ አፍሪቃ ካላዛር ያዘዘው ሕክምና ሁለት መርፌ በአንድነት ለ17 ቀን መስጠት ነው፤ አንደኛው ከአንቲሞን የተሠራ፤ ሁለተኛው ፓሮሞማይሲን የተባለው። ፓሮሞማይሲን የስትሬፕቶማይሲን ወገን ነው።

እዚህ ላይ የሚሰማን ሁሉ እንዳይሳሳት እንለምናለን። ካላዛር የያዘው ሰው ይህን መድኃኒት ቢሸሽ የሚጠብቀው ሞት ነው፤ በታዘዘው መጠንና በአጭር ጊዜ ሲሰጥ በጆሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በብዙዎች ላይ አይታይም፤ ከታየባቸውም ብዙዎቹ ይመለስላቸዋል። በመርፌው ጊዜ ጆሮው የጮኸበት፤ መስማት የቀነሰበት ወይም ራሱን ያዞረው ግን ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር። አብዛኛው ሕመምተኛ ወጣት ወንድ የጉልበት ሠራተኛ ነውና፤ ጆሮዬ ጮኸ ብሎ ማመልከት እንደ ማልቀስ ይቈጠርብኛል ብሎ ዝም የሚል አይጠፋም።

በዓሣና በሰው መካከል ያለው ከባዱ ልዩነት ከዚህ ይመጣል። የዜብራ ዓሣ ባለጠጉር ሕዋሳቱ በመድኃኒት ቢሞቱ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በዙሪያቸው ካሉት ደጋፊ ሕዋሳት አዲስ ይበቅሉለታል፤ ነርቩም ተመልሶ ይይዛቸዋል። በ1988 ዓ.ም. ወፎችም በጆሮአቸው ውስጥ እንዲሁ እንደሚያበቅሉ ታወቀ። በሰው ጆሮ የመስሚያው ክፍል ግን የሞተው እንደ ሞተ ይቀራል። ስለዚህ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በሺህ የሚቈጠሩ ቅመሞችን አንድ በአንድ ከመድኃኒቱ ጋር በሕፃናት ዜብራ ዓሦች ጎን ላይ እየፈተኑ እንቡጡን ከሞት የሚጠብቀውን ፈለጉ፤ ከዚህ ሥራ የተገኘ አንድ ቅመም በሰው ላይ ወደሚደረግ ፈተና ደርሷል። ሌሎቹም የዓሣው ደጋፊ ሕዋስ አዲስ ጠጉር ለማብቀል የሚነሣበትን ትእዛዝ በመፈለግ ላይ ናቸው።